ከጎርፍ በኋላ ጥሬ ገንዘብና ኩፖን እንዴት ይታደላል? ከገበያ ቅኝት እስከ ሒሳብ መዝጊያ

ገንዘቡ ተሰብስቧል። ቀበሌውም ታውቋል። የቀረው ማደሉ ብቻ ይመስላል። ብዙ ማኅበራት የሚሰናከሉት ግን እዚህ ላይ ነው። በክፍያው ቀን ስም ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆማል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። ወይም ሁሉም በሰላም ካለቀ በኋላ የእህል ዋጋ ይሰቀልና የተሰጠው ብር ግማሽ ወር እንኳ አያደርስም።

ይህ መመሪያ ከመቶ እስከ አንድ ሺህ ለሚሆኑ ቤተሰቦች ለሚያድሉ ነው፤ ለአነስተኛ ማኅበር፣ ለዕድር፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ኮሚቴ፣ ውጭ ሆኖ ለትውልድ ወረዳው ለሚያዋጣ ቡድን። ምሳሌያችን ፎገራ ሜዳ ላይ ያለ አንድ ቀበሌ ይሁን። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሩዙን አጥለቅልቀዋል፣ ጎተራው ረጥቧል፣ የከብቱ መኖ ሄዷል። ለድርቅ፣ ለመሬት መንሸራተት ወይም ለመሬት መንቀጥቀጥ ስትሠሩም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከክፍያው ቀን በፊት የምትሠሩት ሥራ ከክፍያው ቀን ሥራ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጊዜያችሁን እንደዚያው መድቡ።

## ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ጨርሱ

1. ማኅበራችሁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ካልተመዘገበ ለብቻችሁ አትግቡ። ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ስምምነት ፈርሙና በእሱ በኩል ሥሩ።
2. ወደ ወረዳው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ማን ምን እየሰጠ እንደሆነ፣ ለየትኛው ቀበሌ፣ ለስንት ወር፣ በጽሑፍ ተቀበሉ። ቀበሌው ውስጥ የልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ካሉ ዝርዝራቸውን ጠይቁ። ይህን የምታደርጉት እነሱን ለማስወጣት አይደለም። ማን ምን ያህል እያገኘ እንደሆነ ለማወቅ ነው።
3. የባንክ ሒሳቡን በሦስት ሰው ፊርማ ክፈቱ። በአንድ ሰው የግል ሒሳብ የገባ ገንዘብ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ወሬ አያጣውም።
4. ከውጭ የምትልኩ ከሆነ በባንክ ላኩ። ለተረጂ የምትሰጡትን መጠን ደግሞ በብር ቁረጡ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ «ለእያንዳንዱ ይህን ያህል ዶላር» ብሎ ቃል መግባት ያስተዛዝባል።
5. ከቀበሌው አመራር ጋር አንዲት ገጽ ስምምነት ተፈራረሙ። ዋናው አንቀጽ ይህ ነው፦ ከተረጂው ድርሻ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለግብር፣ ለመዋጮ፣ ለማንኛውም ነገር ምንም አይቆረጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ አምስተኛውን «ይሉኝታ ይዞን» ብላችሁ አትዝለሉ። በክፍያው ማግስት በር እያንኳኳ የሚሰበስብ ሰው ከመጣ በእጃችሁ የሚኖረው መከራከሪያ ይቺ ወረቀት ብቻ ናት።

## ደረጃ 2፦ ገበያውን እዩ

ገንዘብ እህል የሚሆነው የሚሸጥ እህል ሲኖር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ገበያ ሂዱ። በፎገራ ምሳሌያችን ወረታ ከተማን፣ ከዚያም ለቀበሌው የሚቀርበውን ትንሽ ገበያ ታያላችሁ። በገበያ ቀን ሂዱ፤ በአዘቦት ቀን የሚታየው ያሳስታል።

ቢያንስ ሦስት እህል ነጋዴ፣ ሁለት ባለሱቅና አንድ ጫኚ መኪና ያለው ሰው አነጋግሩ። እነዚህን ጠይቁ፦

- አሁን በመጋዘን ስንት ኩንታል አለህ?
- ነገ ሁለት መቶ ሰው ቢመጣብህ በስንት ቀን ትተካለህ?
- ከየት ነው የምታመጣው? መንገዱ ክፍት ነው?
- ከጎርፉ በፊት ኪሎው ስንት ነበር? ዛሬስ?
- ብድር ትሰጣለህ? ጎርፉ የነካቸው ሰዎች ያልከፈሉህ አለ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትናቋት። ተረጂው ለባለሱቁ ዕዳ ካለበት ብሩ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ዕዳ መክፈል በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገ ዱቤ የሚያገኘው በዚያ ነው። እናንተ ግን ለምግብ ብላችሁ ያሰላችሁት እንዳይጎድል አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

ዋጋውን በደብተር ከነቀኑ ጻፉ። ይህ የመነሻ ዋጋችሁ ነው። ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ሰው እየሄደ እነዚያኑ ነጋዴዎች፣ ያንኑ ዓይነት እህል ይጠይቅ። አንዴ ነጭ በቆሎ ሌላ ጊዜ ቢጫ እየጠየቀ የሚመጣ ሰው ቁጥራችሁን ያበላሸዋል።

ከተበላሸ፦ ነጋዴዎች ዓላማችሁን ሰምተው ዋጋ ከፍ አድርገው ሊነግሯችሁ ይችላሉ። እንደ ተራ ሸማች ሌላ ሰው ልካችሁ አስጠይቁ።

## ደረጃ 3፦ ጥሬ ገንዘብ፣ ኩፖን ወይስ ዕቃ?

እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አያስፈልግም።

- እህልና ሸቀጥ ካለ፣ መንገድ ክፍት ከሆነ፣ ነጋዴው ብዙ ከሆነ፦ ጥሬ ገንዘብ።
- ገበያው ካለ ግን የምትሰጡት ለተለየ ነገር ከሆነ፣ ማለትም ለተመሰከረለት ዘር፣ ለቆርቆሮ ወይም ለከብት መኖ፦ ኩፖን፣ ማለትም ከእናንተ ጋር ውል የገባ ነጋዴ ዘንድ በዕቃ የሚለወጥ ወረቀት። ብር ይዞ መንቀሳቀስ አደጋ የሆነበት ቦታም እንዲሁ።
- ገበያው ከተዘጋ ወይም መንገዱ ከተቆረጠ፦ ዕቃውን ራሱ ውሰዱ። ገንዘቡን መንገዱ እስኪከፈት አቆዩት።

«ብር ከሰጠናቸው መጠጥ ይጠጡበታል» የሚል ሰው ከየኮሚቴው አይጠፋም። በዚህ ፍርሃት ብቻ ኩፖን አትምረጡ። የኩፖን ሥራ ከጥሬ ገንዘብ እጥፍ ድካም አለው። ደግሞም ሰው ዱቄት ተሰጥቶት ብር ሲቸግረው ዱቄቱን በርካሽ ይሸጠዋል።

## ደረጃ 4፦ መጠኑን አስሉ

«ያለንን ለሕዝቡ ቁጥር እናካፍል» አትበሉ። መጀመሪያ አንድ ቤተሰብ የሚያስፈልገውን አስሉ፣ ከዚያ በገንዘባችሁ ስንት ቤተሰብ እንደሚያዝ እዩ።

ለምግብ በአገራችን የተለመደው የእርዳታ ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። አምስት ሰው ላለው ቤት 75 ኪሎ እህል፣ 7.5 ኪሎ ጥራጥሬና 2.25 ሊትር ዘይት ይመጣል። ከታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው፤ በራሳችሁ ደብተር ዋጋ ተኩዋቸው፦

- እህል፦ 75 ኪሎ በ60 ብር = 4,500
- ጥራጥሬ፦ 7.5 ኪሎ በ100 ብር = 750
- ዘይት፦ 2.25 ሊትር በ300 ብር = 675
- ወፍጮ፦ 75 ኪሎ በ4 ብር = 300
- ጨው፣ ሳሙናና መጓጓዣ = 275
- ድምር = 6,500 ብር

ወፍጮና መጓጓዣ የሚረሱት ብዙ ናቸው። ወፍጮ ቤቱ ሩቅ ከሆነ የጭነት ሒሳብም አለ።

አሁን ሌላ አካል የሚሰጠውን ቀንሱ። መንግሥት ስንዴ እየሰጠ ከሆነ የእህሉን ድርሻ አትድገሙ። በመጨረሻ ድምሩን ወደ መቶ አጠጋጉ። በ200 እና በ100 ብር ኖት የማይከፈል ድርሻ በክፍያው ቀን የዝርዝር ፍለጋ ያመጣል።

የቤተሰብ ብዛትን በሦስት እርከን ክፈሉ፦ ከ1 እስከ 3፣ ከ4 እስከ 6፣ 7 እና ከዚያ በላይ። ለእያንዳንዱ ነፍስ ለየብቻ ማስላት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ የልጅ ቁጥር እንዲጨምር ይገፋፋል።

ከተበላሸ፦ ክፍያው ከአንድ ዙር በላይ ከሆነና ከሁለተኛው ዙር በፊት ዋጋ ከመነሻው ከ15 በመቶ በላይ ከጨመረ መጠኑን ከልሱ። ለዚህ ከጠቅላላው ገንዘብ አንድ አሥረኛውን ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቀምጡ። ያ ካልበቃ የዙሩን ብዛት ቀንሱ እንጂ ድርሻውን አታሳንሱ።

## ደረጃ 5፦ ዝርዝሩን አዘጋጁ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሌላው ሁሉ ቢሳካ፣ ዝርዝሩ ከተበላሸ ሥራው ተበላሽቷል።

መስፈርቱን ሕዝቡ ያውጣ። በየጎጡ ስብሰባ ጥሩ። «ጎርፉ ክፉኛ የጎዳው ማንን ነው? በምን ይታወቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መልስ ይህን ይመስላል፦ ቤቱ የፈረሰ፣ ጎተራው የጠፋ፣ ማሳው ሙሉ በሙሉ የሰጠመ፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ ሕፃናት ያሏት እማወራ። ከአራት ወይም ከአምስት በላይ መስፈርት አታድርጉ። በዓይን የማይታይና በጎረቤት የማይመሰከር መስፈርት ተዉት።

ኮሚቴው ይቀላቀል። ከቀበሌ አንድ፣ ከዕድር አንድ፣ የሃይማኖት አባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቢያንስ ሁለት ሴቶችና አንድ ወጣት። የኮሚቴ አባላት ራሳቸው ተጎጂ ከሆኑ ዝርዝሩ ላይ ይግቡ፤ ነገር ግን የእነሱን ጉዳይ ሌላ ጎጥ ያለ ኮሚቴ ይይ።

ቤት ለቤት መዝግቡ። የሚጻፈው፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ጾታ፣ ጎጥ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመታወቂያ ቁጥር (የቀበሌ ወይም ፋይዳ)፣ ስልክ ካለ፣ ተወካይ ካለ። ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት እያንዳንዷን እናት ከልጆቿ ጋር እንደ አንድ ቤተሰብ ለየብቻ መዝግቡ። ካልሆነ አንደኛዋ ያለ ምንም ትቀራለች። ባልና ሚስት አብረው በሚኖሩበት ቤት ተቀባዩ ማን ይሁን የሚለውን ራሳቸውን ጠይቁ። ሚስት ብትሆን ይሻላል የሚል እምነት አለኝ፤ ቤት ውስጥ ጠብ የሚያመጣ ከሆነ ግን አትግፉ።

ዝርዝሩን በአደባባይ አንብቡ። ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ወይም በዕድር ስብሰባ። ስም በስም። ይቺ አንዲት ነገር የብዙ ሰነድ ሥራ ትሠራለች። «እሱኮ ከተማ ነው የሚኖረው»፣ «እሷ ሞታለች»፣ «እነ እገሌን ረስታችኋል» የሚለው ሁሉ እዚያው ይወጣል። የሚነበበው ስምና ጎጥ ብቻ ነው። ሕመም፣ የአካል ጉዳት፣ ስልክ ቁጥርና የመታወቂያ ቁጥር አይነበብም፣ ግድግዳ ላይም አይለጠፍም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዳለም አስታውሱ።

ለቅሬታ አምስት ቀን ስጡ። ቅሬታ ሰሚዎቹ ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች አይሁኑ። የቅሬታ ሳጥን ብዙ አይጠቅምም፤ የሚጽፍ የለም። ሴቶችን የምታነጋግር አንዲት ሴት፣ ወንዶችን የሚያነጋግር አንድ ሽማግሌ፣ የታወቀ ቦታና ሰዓት ይበቃል። እያንዳንዱን ቅሬታ ቁጥር ሰጥታችሁ መዝግቡ። «አይሆንም» ስትሉም ምክንያቱን ንገሩ።

ከተበላሸ፦ ስብሰባው «ሁላችንም ተጎድተናል፣ እኩል ይካፈል» ካለ አትቆጡ። ጎረቤት ከጎረቤት ተቃቅሮ መኖር አይችልም። ሁለት አማራጭ አቅርቡ፦ ወይ ከባዱ ጉዳት የደረሰበት ጎጥ ሙሉ በሙሉ ይወሰድና ሌላው ይቅር፣ ወይ መስፈርቱ ይጽና። በወረቀት ላይ መቶ ሰው፣ በተግባር አራት መቶ ሰው የሚካፈለው እርዳታ ማንንም አያቆምም።

## ደረጃ 6፦ የመክፈያውን መንገድ ምረጡ

በስልክ (ቴሌብር፣ ሲቢኢ ብርና የመሳሰሉት)። ተረጂው ስልክ ካለውና በአቅራቢያው ወኪል ካለ ጥሩ ነው። ቴሌብር በ*127# ስለሚሠራ ስማርት ስልክ አይፈልግም፤ ኔትወርክ ግን ይፈልጋል። አስቀድማችሁ እነዚህን አድርጉ፦

1. ሲም ካርዱ በራሱ ስም መሆኑን አረጋግጡ። በልጁ ወይም በጎረቤቱ ስም የወጣ ብዙ ነው።
2. ስሙ በእናንተ ዝርዝርና በስልኩ ሒሳብ ላይ አንድ መሆኑን እዩ። የአማርኛው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሦስት ዓይነት ይወጣል።
3. ከዋናው ክፍያ በፊት ለእያንዳንዱ 1 ብር የሙከራ ላኩ። ያልደረሰው ማን እንደሆነ ያኔ ይለያል።
4. ወኪሎቹን ከሁለት ቀን በፊት ጠይቁ፦ በእጃችሁ ስንት ጥሬ ብር አለ? ሦስት መቶ ሰው በአንድ ቀን መጥቶ ብር ካለቀ ሰው ወኪሉ ደጃፍ ያድራል። ጎጥ በጎጥ፣ በተለያየ ቀን ላኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚስጥር ቁጥር ለወኪል፣ ለኮሚቴ፣ ለእናንተም እንኳ አይሰጥም። ይህን በመመዝገቢያው ቀን፣ በክፍያው ዋዜማና በክፍያው ቀን ደጋግማችሁ ተናገሩ።

በእጅ። ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ቀርቦ ቢከፍል ይመረጣል። እናንተው ከሆናችሁ የባንኩን የዕለት ማውጫ ገደብና የኖት ዓይነት ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ገንዘብ የሚሸከመው፣ የሚቆጥረውና የሚያስፈርመው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። የጉዞ ቀንና መንገድ የሚያውቀው ሰው ይነስ።

## ደረጃ 7፦ ኩፖን ከመረጣችሁ

- ከአንድ ነጋዴ ጋር ብቻ አትዋዋሉ። ሦስት ቢያንስ። ብቻውን የቀረ ነጋዴ ዋጋና ጥራት እንደፈለገ ያደርጋል።
- ውሉ ላይ ዋጋ፣ ጥራት፣ ሚዛን፣ የክፍያ ቀንና የግብር ጉዳይ ይጻፍ። የገጠር ነጋዴ ደረሰኝ ላይኖረው ይችላል፤ በኋላ ሒሳብ ስትዘጉ እንዳትቸገሩ አሁኑኑ ጠይቁ።
- ኩፖኑ ተከታታይ ቁጥር፣ ማኅተም፣ ማብቂያ ቀንና የቁራጭ ቀሪ ይኑረው። በባለ ቀለም ወረቀት አሳትሙ። የዋጋ ልክን ማንበብ ለማይችል በቀለም ለዩ።
- በትንንሽ ከፋፍሉት። የ2,000 ብር አንድ ኩፖን ከምትሰጡ የ500 አራት ስጡ።
- የዋጋ ዝርዝሩ ሱቁ ደጃፍ ላይ በትልቁ ይለጠፍ።
- ነጋዴውን ኩፖኑን ባመጣ በሳምንት ውስጥ ክፈሉት። ከዘገያችሁ በሚቀጥለው ዙር ዕቃውን ይደብቃል፤ እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም።

ከተበላሸ፦ ኩፖኑ በግማሽ ዋጋ በብር እየተሸጠ ከሆነ ሰዉ የፈለገው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ተረጂውን አትቅጡ። ቀጣዩን ዙር ወደ ጥሬ ገንዘብ ቀይሩት።

## ደረጃ 8፦ የክፍያው ቀን

በንግሥ፣ በሰንበትና በዓርብ አትጥሩ። ከሩቅ ጎጥ የሚመጣው ሳይመሽ እንዲገባ ሥራው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይለቅ። ጥላ፣ ውሃ፣ መቀመጫና መጸዳጃ ያለበት ቦታ ምረጡ፤ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው።

1. ከመክፈላችሁ በፊት ድርሻው ስንት እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ለሁሉም ንገሩ። ድርሻውን የሚያውቅ ሰው አይጭበረበርም።
2. ነፍሰ ጡር፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ይቅደሙ።
3. መታወቂያ እዩ፤ ጎርፍ መታወቂያውን የወሰደበትን ሁለት የጎጡ ሰዎች ይመስክሩለት። ይህንም መዝግቡ።
4. ገንዘቡን ፊቱ ቁጠሩ፣ እሱም ይቁጠር፣ ከዚያ ይፈርም ወይም አሻራ ያድርግ። ቀድሞ የሚያስፈርም ገንዘብ ከፋይ ካያችሁ አስቁሙት።
5. መውጫው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ «ስንት ደረሰህ?» ብሎ ይጠይቅ።

ለሪፖርት ፎቶ ካስፈለገ ከኋላ፣ ከሩቅ፣ ፊት ሳይታይ። ብር ይዞ የተነሳ ሰው ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ያዋርደዋል፣ ለሌባም ያሳየዋል።

የሚያጋጥሙ ነገሮች፦

- *ኔትወርክ ሄደ።* አንድ ሰዓት ጠብቁ። ካልመጣ ቀኑን ለውጡና ሰውን አሰናብቱ፤ የመጓጓዣውን ጨምራችሁ በሚቀጥለው ክፈሉ።
- *ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው መጣ።* እዚያው አትክፈሉ። ቅሬታውን መዝግባችሁ ቁጥር ስጡት። ለአንድ ሰው ከተከፈለ መቶ ይሰለፋል።
- *ተረጂው ሞቷል።* ድርሻው ለቤተሰቡ ነው። ቀበሌና ዕድር ያረጋገጡት ወራሽ ይቀበል።
- *ግርግር ተነሳ።* ገንዘቡን ዝጉና ውጡ። ሽማግሌዎቹ ያረጋጉ፤ እናንተ አትከራከሩ።
- *ብር ጎደለ።* በዚያው ሰዓት ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ሦስታችሁም ፈርሙ። ከኪስ አውጥቶ መሙላት ነገሩን ይሸፍናል እንጂ አይፈታም።

## ደረጃ 9፦ ጠይቁ፣ ከዚያ ወደ መልሶ ማቋቋም እለፉ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከ300 ቤተሰብ 40 ያህሉን በዕጣ መርጣችሁ ቤታቸው ሂዱ። ስንት ደረሰሽ? የቆረጠብሽ አለ? ምን ገዛሽበት? ዋጋው እንዴት ነበር? ስትመለሺ የገጠመሽ ነገር አለ? የሚጠይቀው ሰው የከፈለው ሰው አይሁን። የቀበሌ ሰውም አብሮ አይቁም።

ምግቡ ከተሸፈነ ቀጣዩ ገንዘብ ኑሮን ለመመለስ ነው። እዚህ ላይ ወቅት ሁሉንም ይወስናል። ፎገራ ላይ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራል። የዘሩ ብር መስከረም ላይ ካልደረሰ ኅዳር ላይ ቢመጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ተረጂዎችን የመለየቱን ሥራ አንዴ ሠርታችሁ የምግቡንም የዘሩንም ቀን አብራችሁ ያዙ። ለእያንዳንዱ ዙር እንደ አዲስ አትጀምሩ።

ለቤት ሥራ ከሆነ ገንዘቡን ከፋፍላችሁ ስጡ። ኔፓል ከ2015 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ለአንድ ቤት የመደበችውን 300,000 ሩፒ በሦስት ዙር ነው የከፈለችው፦ 50,000፣ 150,000 እና 100,000። የመጀመሪያው ለመነሻ፣ ቀሪው ሥራው በባለሙያ እየታየ። እናንተም እንዲሁ፦ መሠረትና ምሰሶ ሲቆም አንድ፣ ጣሪያ ሲደርስ አንድ። የሚያየው ባለሙያ ግን በቀጠሮው መድረስ አለበት፤ ተቆጣጣሪ ጠፍቶ ግማሽ ላይ የቆመ ቤት ዝናብ ያገኘዋል። ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያን የሠራተኛ ክፍያ ጨምሩ። እንደገና የሚጥለቀለቅ ቦታ ላይ ቤት እንዲሠሩ ግን ገንዘብ አትስጡ፤ መጀመሪያ ከወረዳው ጋር የቦታውን ጉዳይ ጨርሱ።

## ደረጃ 10፦ ሒሳቡን ዝጉ

ከባንክ የወጣው፣ በፊርማ የተከፈለው፣ የተመለሰውና በእጅ ያለው ድምሩ እኩል መምጣት አለበት። ይህን በዚያው ሳምንት ሥሩት። ሳይመጡ የቀሩትን ሁለት ጊዜ ፈልጉ፤ ካልተገኙ ድርሻው ወደ ባንክ ይመለስ፣ በቅሬታ ዝርዝር ላይ ተራ ለያዙትም ይዋል። የተረፈ ኩፖን ካለ በኮሚቴ ፊት ቁጥሩ ተመዝግቦ ይቃጠል። ስንት ብር እንደገባ፣ ለስንት ቤተሰብ ስንት እንደተከፈለና ስንት እንደቀረ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አንዱን ለአዋጪዎቹ ላኩ። ሌላውን ዝርዝሩ የተነበበበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ለሕዝቡ አንብቡ። የተረጂዎቹ ስልክና መታወቂያ ያለበት መዝገብ ከኮሚቴው ስልኮችና ከቴሌግራም ግሩፑ ይጥፋ። ዋናው ቅጂ ቁልፍ ባለው ቦታ ይቀመጥ።